ድሮፕዳውኑ አልከፈት አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር

ያለፈው አምድ ስለ ፎርም አሠራር ነበር። የፎርም ጥያቄ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ሁሉ የቴስት (ኮድ በትክክል መሥራቱን የሚያጣራ ኮድ) ሆነ። እሮሮውም ተመሳሳይ ነው፦ «ገጼ ይሠራል፣ ቴስቴ ይወድቃል፣ ጥፋቱ የላይብረሪው ነው።» ላይብረሪ ማለት ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ እኛ ወስደን የምንጠቀምበት ኮድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና የምታፈላ ደንበኛዬ ዘንድ ተቀምጬ ደብዳቤዎቹን ማንበብ ጀመርኩ። ቶናው ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ጀበናው በከሰል፣ ላፕቶፔ በባትሪ ነውና ሁለታችንም ቀጠልን። የዩኒት ቴስት ደጉ ነገር ይኼ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የሰዎቹን ኮድ እዚያው እያስሮጥኩ ነው መልሱን የጻፍኩት።

*

«ጤና ይስጥልኝ እታለም። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ለጤና ጣቢያ የቀጠሮ መያዣ ነው። በሪአክትና የተዘጋጁ በተኖችና ድሮፕዳውኖች በሚሰጠው ላይብረሪ፣ በማቴሪያል ዩአይ፣ ሠራሁት። ታካሚው ‹የሕክምና ክፍል› ከሚል ድሮፕዳውን ይመርጣል። ብራውዘር ላይ ሸጋ አድርጎ ይሠራል። ቴስት ላይ ግን ክሊክ አድርጌ ‹የዓይን ሕክምና› የሚለውን ስፈልግ የለም ይለኛል። አንዱ ጓደኛዬ ‹ላይብረሪውን በሙሉ ሞክ አድርገው› አለኝ። ሌላው ‹የሰው ላይብረሪ ምን አግብቶህ ትፈትናለህ› ይላል። የማንን ልስማ?»
ግራ የገባው፣ ከማራኪ

ወንድምዓለም፣ ጓደኞችህ ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። መጀመሪያ ግን ድሮፕዳውኑን እንክፈተው።

የላክህልኝን ኮድ አየሁት። በፋየር ኢቨንት፣ አንድ ኢቨንት (የማውስ ወይም የቁልፍ ድርጊት) ብቻ በሚልከው ትእዛዝ፣ ክሊክ ልከሃል። የማቴሪያል ዩአይ ሴሌክት (ድሮፕዳውኑ) ግን በክሊክ አይከፈትም። የሚከፈተው የማውሱ ቁልፍ ወደ ታች ሲወርድ፣ ማውስ ዳውን በሚባለው ኢቨንት ነው። ሰው በጣቱ ሲጫን ማውስ ዳውን፣ ማውስ አፕ፣ ክሊክ ተከታትለው ስለሚመጡ ልዩነቱ አይታወቅህም። ፋየር ኢቨንት ያዘዝከውን አንዱን ብቻ ነው የሚልከው። እሱን ተውና ዩዘር ኢቨንትን ተጠቀም። ዩዘር ኢቨንት ሰው እንደሚያደርገው ቅደም ተከተሉን ሙሉ ይልካል። ከ14ኛው ቨርሽን ወዲህ መጀመሪያ ሴትአፕ ብለህ ታዘጋጀዋለህ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ድርጊት አዌት ታደርጋለህ፣ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ ማለት ነው። አዌት መርሳት የሚያመጣውን ራስ ምታት ለጠላቴም አልመኝም።

ቢከፈትም ግን «የዓይን ሕክምና» አይገኝልህም ነበር። የምትፈልገው ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ ኮምፖነንትህ (የገጽህ ቁራጭ) የተሳለበት ሳጥን ውስጥ ማለት ነው። ምርጫዎቹ እዚያ የሉም። ላይብረሪው ዝርዝሩን በፖርታል አውጥቶ የገጹ ቦዲ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰቅለው። ሠርግ ቤት ሄደህ ሙሽሮቹን ሳሎን ብትፈልግ አታገኛቸውም፤ ግቢው ውስጥ የተጣለው ዳስ ስር ናቸው። ሠርጉ የዚያው ቤት ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ስክሪን ከሚለው ፈልግ። እሱ ግቢውን ሁሉ ያያል።

ፍለጋውም በሮል፣ ማለትም ነገሩ ገጹ ላይ ባለው ሚና፣ ይሁን። በአዲሶቹ ቨርሽኖች ድሮፕዳውኑ ኮምቦቦክስ የሚል ሮል አለው፤ ቀደም ባሉት በተን ነበር። እያንዳንዱ ምርጫ ደግሞ ኦፕሽን ነው። «የሕክምና ክፍል የሚባል ኮምቦቦክስ» ብለህ ስትፈልግ ስም የለውም ካለህ፣ ሌብሉን ከሴሌክቱ ጋር በአይዲ አላያያዝከውም። ይህን ቴስቱን በመጠምዘዝ አትለፈው። ስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ታካሚም ያንኑ ስም የለሽ ሳጥን ነው የሚሰማው። ለዓይን ሕክምና ቀጠሮ ሊይዝ የመጣ ሰው እኮ ነው!

አንድ ወጥመድ ልጨምርልህ። ዝርዝሩ እንደተከፈተ «ቀጠሮ ያዝ» የሚለውን በተን በሮል ብትፈልግ ይጠፋብሃል። ላይብረሪው ሜኑ ወይም ሞዳል ሲከፍት የቀረውን ገጽ አሪያ ሂደን ያደርገዋል፣ ማለትም ለስክሪን ሪደር ይሸሽገዋል፤ በሮል መፈለጊያው ደግሞ የተሸሸገ አያይም። ከመረጥክ በኋላም ሜኑው በአኒሜሽን እያዘገመ ነው የሚዘጋው። ጌት ባይ ያኔውኑ አይቶ «የለም» ይላል። ፋይንድ ባይ ግን እስከ 1 ሰከንድ ድረስ ደጋግሞ ያያል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሁለተኛውን ተጠቀም።

አሁን ወደ ጓደኞችህ። «የሰው ላይብረሪ አትፈትን» ያለህ ልጅ ልክ ነው። ድሮፕዳውኑ በቀስት ቁልፍ መውረዱን፣ በኢስኬፕ መዘጋቱን የጻፉት ሰዎች ፈትነውታል። አንተ ስትደግመው የራስህን ጤፍ ትተህ የጎረቤት ማበጠር ይሆናል። ያንተ ሥራ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ከሰርቨር የመጡት ክፍሎች በሙሉ ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል? ታካሚው «የዓይን ሕክምና» ሲል የሚላከው የትኛው ኮድ ነው? ክፍል ሳይመርጥ «ቀጠሮ ያዝ» ቢል ምን ያያል? ዛሬ ሐኪም የሌለበት ክፍል እንዳይመረጥ ሆኗል? ማቴሪያል ዩአይ እነዚህን አያውቅልህም።

«ሞክ አድርገው» ባለው ግን አልስማማም። ሞክ ማለት በእውነተኛው ቦታ የውሸት ምትክ ማስቀመጥ ነው። የደረሰብኝን ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ የአልጋ ማስያዣ ገጽ ሠርቼ ነበር። የቀን መምረጫው የሌላ ሰው ላይብረሪ ነው። ቴስት ውስጥ ስላስቸገረኝ ሞክ አደረግሁት። በቦታው ተራ የጽሑፍ ሳጥን አስቀመጥኩ፤ ቀን ሲጻፍበት ኦን ቼንጁን (ምርጫ ሲቀየር የሚጠራውን ፈንክሽን) በጃቫስክሪፕት ዴት ይጠራል። 60 የሚሆኑ ቴስቶች በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጢቅ ጢቅ ብለው አለፉ። ኩራቴን ብታየው! ከወራት በኋላ ላይብረሪውን ወደ አዲስ ቨርሽን አሳደግሁት። አዲሱ ለኦን ቼንጅ የሚሰጠው ዴት ሳይሆን የራሱ ዓይነት የቀን ኦብጀክት ሆኗል። የኔ ሞክ ይህን ከየት ይወቀው? የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቴስቶቹ ሁሉ አረንጓዴ በሩ። ገጹን ለቀቅሁት።

የጥምቀት ሰሞን ነው። ከተማው ውስጥ አልጋ በሻማ የሚፈለግበት። ማታ የማረፊያው ባለቤት ደወሉ። «አንቺ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው አልያዘም። ከተማው ሰው በሰው ነው፤ የኔ ቤት ብቻ ምን ነካው?» አሉኝ። ገጹን በስልኬ ከፍቼ ቀን መረጥኩ። ነጭ ሆነ። ሁሉም እንግዳ ያየው ይህንኑ ነጭ ገጽ ነው። ያን ሌሊት ወደ አሮጌው ቨርሽን መለስኩት። የቀረውን ሳምንት ሰውዬው ሲደውሉ ስልኩን የማነሳው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

(ታይፕስክሪፕት ቢሆን ይይዘው ነበር የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ፕሮጀክቱ ተራ ጃቫስክሪፕት ነበር። ሰበብ የለኝም።)

ከዚያ ወዲህ እውነተኛው ላይብረሪ ቴስቱ ውስጥ ይገባል። ሞክ የማደርገው የቴስቱ ቤት የጎደለውን ነው። ቴስት አስሯጮቹ ጄስትም ሆነ ቪቴስት ኮምፖነንትህን የሚያስሮጡት አብዛኛውን ጊዜ ጄኤስዶም ውስጥ ነው። ጄኤስዶም ብራውዘር አይደለም፤ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስሮጠው) ላይ የሚሮጥ ብራውዘር መሰል ነገር ነው። ኤችቲኤምኤል ያውቃል፣ ኢቨንት ያውቃል፣ ነገር ግን ምንም አይስልም። የአንድን ሳጥን ስፋት ብትጠይቀው 0 ይልሃል። ቁመቱንም 0። ስለዚህ ቦታውን ለክቶ የሚሳል ቻርት ባዶ ሆኖ ይቀራል። የሚታየውን ያህል ብቻ የሚስል ትልቅ ሠንጠረዥም «ስፋቴ 0 ነው» ብሎ ዓምዶቹን ይተዋል። የሳጥን መጠን የሚከታተለው ሪሳይዝ ኦብዘርቨርና የስክሪኑን ዓይነት የሚጠይቀው ማች ሚዲያ ጭራሽ የሉም፤ ላይብረሪው መኖራቸውን ሳያጣራ ሲጠራቸው ቴስቱ ይፈነዳል። እነዚህን በሴትአፕ ፋይልህ ውስጥ በውሸት ተካቸው። የጎደለው ብራውዘሩ ነው፤ የምትሞላውም እሱን ነው።

ካርታና ቻርት ከሆነ ግን አልከራከርህም። ሞክ አድርገህ የተላከለት ዳታ ትክክል መሆኑን ብቻ እይ። ካርታን በጄኤስዶም መፈተን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሌላው ምክሬ፣ ሴሌክቱን በሃያ ገጽ ላይ በቀጥታ አትጥራው። «የክፍል መምረጫ» የሚል የራስህ ትንሽ ኮምፖነንት ጻፍ። ከውስጥ ያለው ማቴሪያል ዩአይ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ይሁን። እሱን ከእውነተኛው ላይብረሪ ጋር አጥብቀህ ፈትነው። ሌሎች ገጾች ላይ ሞክ ማድረግ ካማረህ ይህንን የራስህን አድርግ። ጠባዩን የወሰንከው አንተ ስለሆንክ ማንም በሌሊት አይቀይርብህም።

*

«እህታችን፣ ሦስት ልጆች ሆነን አዘዞ ላይ ለአንድ አስጎብኚ ማስያዣ እንሠራለን። የቀን መምረጫው የፈረንጅ ካላንደር ነው። እኛ ከስሩ በኢትዮጵያ ቀን እንጽፋለን። ‹ጃንዋሪ 20፣ 2024 ሲመረጥ ጥር 11፣ 2016 ይጻፍ› የሚል ቴስት አለን። በላፕቶፓችን ይወድቃል፤ ጥር 10 ይላል። ኮዱን ፑሽ ስናደርግ (ስንልከው) ሰርቨሩ ላይ ያልፋል። ባልደረቦቼ ‹ሰርቨሩ ካለፈ አለፈ ነው፣ የላፕቶፕ ነገር ነው› ብለው ሊዘሉት ነው። ሌላም አለ፤ ቴስቱ ውስጥ የሚከፈተው ካላንደር የስልኩ እንጂ የኮምፒውተሩ አይደለም።»
ያልተዋጠላት፣ ከአዘዞ

እናንተ ደግሞ ቁስሌን ነካችሁት፤ አሁንም የቀን መምረጫ!

ቴስታችሁ ልክ ነው። ጥር 11፣ 2016 የዋለው ጃንዋሪ 20፣ 2024 ነው። ብዙ ሰው ጥምቀት ምንጊዜም ጃንዋሪ 19 ይመስለዋል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች። መስከረም 1፣ 2016 ወደ ሴፕቴምበር 12 ተገፋ። ጥምቀትም አብሮ ተገፋ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ወደ ጃንዋሪ 19 ተመለሰ። ይህን ቀን ለቴስት የመረጠው የጎንደር ልጅ መሆን አለበት።

አሁን ባልደረቦችሽን ጥሪልኝ። የዋሸው ሰርቨሩ ነው። መምረጫው ጃንዋሪ 20ን የሚሰጣችሁ በማሽኑ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ አድርጎ ነው። የኛ ሰዓት ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) በ3 ሰዓት ይቀድማል። ኮዱን አልላክሽልኝም፤ ግን ቱ አይኤስኦ ስትሪንግ ብላችሁ የመጀመሪያዎቹን 10 ፊደሎች እንደምትቆርጡ እወራረዳለሁ። ያ ትእዛዝ ቀኑን ወደ ዩቲሲ ይቀይረዋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 3 ሰዓት ሲነሳ ጃንዋሪ 19 ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ጃንዋሪ 19 ደግሞ በዚያ ዓመት ጥር 10 ነው። ሰርቨሩ እንደ አብዛኞቹ በዩቲሲ ስለሚሮጥ የሚነሳለት ሰዓት የለም፤ ስለዚህ ያልፋል።

እንግዶቻችሁ ግን ሰርቨሩ ውስጥ አይኖሩም። ጎንደር ተቀምጦ በስልኩ ጥር 11 የመረጠ ሰው ሁሉ ጥር 10 ይመዘገብለታል። ከተራን ከአስጎብኚ ጋር አይቶ፣ በማግስቱ ፋሲል መዋኛ በር ላይ ብቻውን ይቆማል። ላፕቶፓችሁ ይህን ሲነግራችሁ ነበር ልትዘሉት የነበረው።

መድኃኒቱ ቀኑን ሰዓት የሌለው አድርጎ መያዝ ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሦስት ቁጥሮች። ከዴቱ ላይ የአካባቢውን ዓመት፣ ወርና ቀን ውሰዱ። አይኤስኦ አትቁረጡ። ከዚያ ቴስቱን በተለያየ የሰዓት ክልል አስሩጡት። ቲዜድ የሚባለውን ቬሪያብል አንዴ ዩቲሲ፣ አንዴ አዲስ አበባ አድርጉት። እኔ ኒው ዮርክን እጨምራለሁ፤ ለጥምቀት ትኬት ቆርጦ የሚመጣው ዲያስፖራ የሚያስይዘው ከዚያ ሆኖ ነው።

ሌላው፣ ሁለት ሥራ በአንድ ቴስት አጣብቃችኋል። ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያ መቀየሩ ተራ ፈንክሽን ነው፤ ሪአክትም ካላንደርም አያስፈልገውም። ለብቻው አውጡትና አስቸጋሪዎቹን ቀኖች ደርድሩለት። ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ጳጉሜን 6፣ 2015 ይሁን። በማግስቱ መስከረም 1፣ 2016። ሴፕቴምበር 11፣ 2024 መስከረም 1፣ 2017። ሁለቱን ጥምቀቶችም ጨምሩ። መቀየሪያውን ራሳችሁ ከጻፋችሁት የሚያመሳክር አለላችሁ፤ ጃቫስክሪፕት ራሱ ቀን ሲጽፍ ኢትዮፒክ የሚባል ካላንደር ያውቃል። ኖድም ከ13ኛው ቨርሽን ጀምሮ የሁሉንም ቋንቋ ዳታ ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙ የኛ ልጆች ይህን ሳያውቁ ፎርሙላውን ከባዶ ሲጽፉ አይቻለሁ። እኔም አንዷ ነበርኩ።

ኮምፖነንቱ ላይ የሚቀረው ያኔ ትንሽ ነው። እውነተኛውን መምረጫ ክፈቱ፣ 20ን ምረጡ፣ ከስሩ «ጥር 11» መጻፉን እዩ። በቃ። ጃንዋሪ 31 ቀን እንዳለው አትፈትኑ፤ የፈረንጅ ካላንደር የፈረንጁ ጉዳይ ነው።

የስልኩ ካላንደር ነገር ደግሞ ይኸውልሽ። የማቴሪያል ዩአይ ዴት ፒከር ሲነሳ በሚዲያ ኩዌሪ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ እዚህ ማሽን ላይ ማውስ አለ? ጄኤስዶም ሚዲያ ኩዌሪ አይገባውም። መልስ ሲጠፋ ቀደም ባሉት ቨርሽኖች ዴት ፒከሩ «እንግዲያው ስልክ ነው» ይልና የስልኩን ይከፍታል። ማች ሚዲያን በሴትአፕ ፋይል ተክታችሁ «አዎ፣ ማውስ አለ» እንዲል አድርጉት። ግን የስልኩንም ቴስት አትጣሉት። ማን ነው ከላፕቶፕ ጉብኝት የሚያስይዘው?

«ያለፈ ቀን አይመረጥም» የሚል ቴስት ካላችሁ ሰዓቱን በፌክ ታይመር አስቁሙት። አለዚያ ዛሬ ያለፈው ቴስት ከወር በኋላ ይወድቃል። ፌክ ታይመር ስትከፍቱ ዩዘር ኢቨንት ሰዓቱ እስኪሄድለት ሲጠብቅ ተገትሮ ይቀራል። ሴትአፕ ስታደርጉት አድቫንስ ታይመርስ በሚለው ምርጫ የጄስትን ሰዓት ማስኬጃ ስጡት። እዚህ ላይ እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት ጨርሻለሁ፤ እናንተ አትጨርሱ።

*

«ላይብረሪያችንን ባሳደግን ቁጥር ስናፕሾት ቴስቶቻችን በሙሉ ቀይ ይሆናሉ። 400 መስመር ልዩነት። ‹አዲሱን ተቀበል› የሚለውን ‹ዩ› ን ተጭነን እናልፋለን። ትክክል ነው?»
ከአራዳ

አይደለም። ግን እኔም ስጫን ኖሬያለሁ።

ስናፕሾት እ.ኤ.አ. በ2016 ጄስት ውስጥ ሲገባ እንደ ተአምር ነበር ያየነው። አንድ መስመር ትጽፋለህ፣ ሙሉው ኤችቲኤምኤል ይመዘገብልሃል። ችግሩ የተመዘገበው አብዛኛው ያንተ አለመሆኑ ነው። የላይብረሪው ዲቭ በዲቭ ውስጥ፣ ኢሞሽን የተባለው የስታይል መሣሪያ የሚፈበርከው ትርጉም የለሽ የክላስ ስም፣ በራሱ የሚቆጠር አይዲ። አንድ ፓዲንግ ሲቀየር ሁሉም ይቀየራል። 400 መስመር ማን ያነባል? ሳታነብ የምትፈርመው ወረቀት ነው። እውነተኛው ባግ በመካከሉ ቢያልፍ አታየውም።

እኔ አጥፉት ባይ ነኝ። ላይብረሪ የነካውን ስናፕሾት በሙሉ። በቦታው «ዋጋው 1,200 ብር ይላል»፣ «በተኑ አይጫንም» የሚሉ ሁለት ሦስት መስመሮች ጻፉ። ስናፕሾት የምተወው የራሴ ፈንክሽን ለሚመልሰው አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው።

*

«ልጄ፣ በአንድ ኮሌጅ የዌብ ኮርስ አስተምራለሁ። ማስታወሻዬ በኤንዛይም፣ በቆየው የሪአክት መፈተኛ መሣሪያ፣ ላይ የተዘጋጀ ነው። ሻሎው ሬንደር አድርገን የኮምፖነንቱን ስቴት (ውስጡ የያዘውን ዳታ) እናነባለን። ተማሪዎቹ አዲሱ ሪአክት ላይ አልሠራ አላቸው። ማስታወሻውን ልቀይር ወይስ ሪአክቱን ዝቅ ላድርግ?»
ከአንድ መምህር

ጋሼ፣ ማስታወሻውን ይቀይሩት። ድካምዎ ይገባኛል፤ እኔም የተማርኩት በኤንዛይም ነው። ከኤርቢኤንቢ የወጣ መሣሪያ ነው፤ በጊዜው አገልግሎናል። ነገር ግን ይፋዊ ማገናኛው ሪአክት 16 ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ላሉት ይፋዊ አልተሠራለትም። ሪአክትን ዝቅ ቢያደርጉ ልጆቹ ሥራ ቦታ ሲሄዱ የማያገኙትን ነገር ተምረው ይወጣሉ።

ዋናው ለውጥ ግን የመሣሪያው አይደለም። ሻሎው ሬንደር የሚያየው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። የላይብረሪው ሴሌክት ካለ «ሴሌክት አለ» ይላል፤ ውስጡን አይከፍትም። ስለዚህ ተማሪው የሚጽፈው «ለሴሌክቱ ይህን ፕሮፕ (ከውጭ የሚገባ እሴት) ሰጥቻለሁ» የሚል ቴስት ይሆናል። የፕሮፑ ስም በአዲሱ ቨርሽን ቢቀየር ቴስቱ አሁንም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው የሪአክት ቴስቲንግ ላይብረሪ ሙሉውን ይስላል፤ ስቴት እንዲያነቡ መንገዱንም አያመቻችም። ሰው የሚያየውንና የሚጫነውን ብቻ ነው የሚሰጥዎት። ፈቃድዎ ከሆነ የመጀመሪያውን ትምህርት ያለ ኮድ ይጀምሩት። አንዱን ተማሪ ስክሪኑ ፊት አስቀምጠው የሚያደርገውን በአማርኛ ያናግሩት፦ «የሕክምና ክፍል የሚለውን እጫናለሁ፣ የዓይን ሕክምናን እመርጣለሁ፣ ቀጠሮ ያዝ እላለሁ።» ቴስቱ ያው ነው፤ ወደ ጃቫስክሪፕት መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀራቸው።

*

«እኔ በቭዩና የእሱ ላይብረሪ በሆነው በቭዩቲፋይ ነው የምሠራው። ቴስት ላይ ‹ይህን ኮምፖነንት አላውቀውም› የሚል ማስጠንቀቂያ ይሞላል። ሻሎው ማውንት ስል ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፤ ግን ካርዱ ውስጥ የጻፍኩት ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል።»
ከደባርቅ

ደባርቅ ያለው ብርድ ጣት ያደነዝዛልና አሳጥርልሃለሁ። ዋናው አፕህ ቭዩቲፋይን እንደ ፕለጊን ይጭነዋል፤ ቴስትህ ግን ያንን ፋይል አያልፍበትም። ስለዚህ ማውንት ስታደርግ በግሎባል ፕለጊንስ ውስጥ አንተ ስጠው። ይህን በየቴስቱ አትድገመው፤ የራስህን የማውንት ፈንክሽን አንድ ቦታ ጻፍ። ሻሎው ማውንት ልጆቹን ኮምፖነንቶች በሙሉ በባዶ ቆርቆሮ ይተካቸዋል፤ ቆርቆሮው ደግሞ በነባሪው ስሎት (ይዘት ማስገቢያ ክፍት ቦታ) ውስጥ ያስገባኸውን አይስልም። ጽሑፍህ የጠፋው ለዚህ ነው።

አንጉላር ላይ ያላችሁም ተመሳሳይ በሽታ አለባችሁ፤ ኖ ኤረርስ ስኪማ ይባላል። ማስጠንቀቂያውን ዝም ሲያሰኝ የታግ ስም ስትሳሳቱም ዝም ይላል። አንጉላር ማቴሪያል ከ9ኛው ቨርሽን ጀምሮ ሃርነስ የሚባል ነገር ይሰጣችኋል። «ሴሌክቱን ክፈት፣ ይህን ምረጥ» ትሉታላችሁ፤ ከውስጥ ያለው ዲቭ ቢቀየር ሃርነሱን የሚያስተካክሉት የላይብረሪው ባለቤቶች ናቸው። እውነቱን ለመናገር የሪአክት ልጆች በዚህ ልንቀናባችሁ ይገባል።

*

«ጄስት ኖድ ሞጁልስ (ላይብረሪዎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ‹ያልተጠበቀ ቃል ኤክስፖርት› ብሎ ይቆማል። የኔን ኮድ ገና አልጀመረም።»
ከቀሃ ማዶ

ላይብረሪው በአዲሱ የሞጁል አጻጻፍ ብቻ ነው የታተመው። ጄስት ደግሞ ኖድ ሞጁልስ ውስጥ ያለውን ሳይተረጉም እንዳለ ነው የሚያነበው። ትራንስፎርም ኢግኖር ፓተርንስ በሚለው ውስጥ ያንን አንድ ላይብረሪ «እሱን ግን ተርጉመው» በለው። ሁሉንም እንዲተረጉም አትፍቀድለት፤ ቴስቱ እስኪጀምር ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይልብሃል። አዲስ ፕሮጀክት ከሆነ ቪቴስት ላይ ጀምረው።

*

አምዱን ልልክ ስል ከማራኪ መልእክት ገባ። «እታለም፣ ተከፈተ! አሁን ግን ‹የዓይን ሕክምና› ሁለት ቦታ ተገኘ ይለኛል።»

አንዱ ኮምቦቦክሱ ላይ የሰፈረው ምርጫህ ነው። ሌላው ገና ተዘግቶ ያላለቀው ሜኑ ውስጥ ያለው ኦፕሽን ነው። ሜኑው እስኪጠፋ ጠብቅ፤ ከዚያ ኮምቦቦክሱ ላይ ምን እንደተጻፈ እይ። በጽሑፍ አትፈልግ፣ በሮል ፈልግ ብዬህ አልነበር?